ለቀለበት የሚሆን ብረት

ጥቅምት 9

ሙሉ ቀን ቶርኖ ላይ። አምስት የውኃ ፓምፕ ዘንግ ጨረስኩ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ጤነኛ ናቸው» አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ጣታቸው ግን ከመለኪያው ከካሊፐር ይበልጣል።

ምሳ እንደ ወትሮው ከቤተሰቡ ጋር። እትዬ ሾርባ እየጨመሩልኝ ሳለ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንግዲህ እያረጀሁ ነው። ወርክሾፑንም ልጄንም ለባዕድ አልሰጥም። አስቤበታለሁ» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ወይም ወደ እኔ አቅጣጫ አዩ። ልጃቸው ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ማንም «ትፈልጋለህ ወይ?» አላለኝም። እኔም አልፈልግም አላልኩም። ምን አልኩ? «እግዜር ይስጥልኝ»… ሾርባ እንደተጨመረለት ሰው!

ጥቅምት 10

ልጻፈው። ሲጻፍ ይጠራ ይሆናል።

አባቴ እዚሁ ወርክሾፕ ብየዳ ይሠራ ነበር። ሲሞት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እናቴን አላውቃትም። ጋሼ እጄን ይዘው ከወርክሾፑ ጀርባ ያለችውን ክፍል አሳዩኝና «ይቺ ያንተ ናት» አሉኝ። እዚህ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው። ያበሉኝ፣ ስታመም አጠገቤ የተቀመጡ እትዬ። ሒሳብ ያስጠናችኝ ደግሞ ልጃቸው። አሁን ሆስፒታል በማግኔት የሚሠራው የኤም አር አይ ምርመራ ክፍል ስለምትሠራ ሁላችንም «ማግኔት» ነው የምንላት።

እህቴ ናት። ማለት… እህቴ ነበረች። ዛሬ ጠዋት እትዬ «ከእንግዲህ ወንድሜ እያልሽ አትጥሪው፤ ነውር ነው» አሏት። ታዲያ ምን ትበለኝ? ቀኑን ሙሉ «ስማ» ስትለኝ ዋለች።

ጥቅምት 14

የቀለበት ነገር ተነሣ። ጋሼ ነገውኑ ወርቅ ቤት ሄዳችሁ ምረጡ አሉ። ማግኔት ቀና ብላ «ወርቅ አልፈልግም» አለች። «እሱ በገዛ እጁ የሠራልኝን ነው የማደርገው። ከብረት።»

እትዬ ተቆጡ። «ቀለበት ነው ወይስ ካቴና?»

ጋሼ ግን ደስ አላቸው። ጠረጴዛውን መቱት። «የቶርኖ ሰው ልጅ! በቃ፣ ቀለበቱ ባለቀ ማግስት ቀን እንቆርጣለን።»

እኔ? ሳህኔን እያየሁ ነበር። ምን አስባ ይሆን? ወደደችኝ እንዴ? ይሄ ይብሳል… እሷ ከልቧ ከሆነች እኔ በምን አፌ እምቢ ልበል?

ጥቅምት 22

ከተራ ብረት አንድ ሠራሁ። ልሙጥ፣ ቀላል ነገር። ከሥራ ስትመለስ ሰጠኋት። ከቦርሳዋ ትንሽ ማግኔት አውጥታ ጠጋ አደረገችው። ጠቅ!

«ይኸው ይስባል። ይሄን አድርጌ ክፍሉ ብገባ መሣሪያው ጣቴን ይዞ ይሄዳል።»

«ስትገቢ ታወልቂዋለሽ።»

«የጋብቻ ቀለበት ይወለቃል እንዴ?» ይህን ያለችው ጋሼ እንዲሰሙ ጮክ ብላ ነው።

የወርክሾፓችን ሽማግሌ በያጅ ጭንብሉን ገልጦ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ገና ሳታገባ ተበየድክ!» አለኝ። የሱ ቀልድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ኅዳር 4

መዳብ ሞከርን። ሦስት ቀን አደረገችው፤ ጣቷ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆነ። እትዬ ጮኹ። «ልጄን ሻጋታ አስያዝካት!»

ነሐስም ሠራሁ። ይሸታል አለች። አሸተትኩት… እውነት ለመናገር ምንም አይሸትም።

ኅዳር 13

ግንበኛ መጣ። ጋሼ ከክፍሌ ጋር አያይዘው ሌላ ክፍል ሊያሠሩ ነው። «ሁለት ሆናችሁ አንድ ክፍል አይበቃችሁም» አሉ። መሠረቱ የተቆፈረው በመስኮቴ በኩል ነው። ያለኝ ደግሞ አንድ መስኮት ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ወርክሾፑ፣ ያውም ከጋሼ ወንበር ፊት ለፊት።

ግንበኛውን «ይሄ መስኮት ምን ይሆናል?» አልኩት። በጣቱ ጉልበቱን፣ ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ ከራሱ በላይ አሳየኝ። «ይደፈናል። ምን ያደርግልሃል? ዞሮ ዞሮ የሚያየው ቁራጭ ብረት ነው።»

እውነቱን ነው። ሃያ ዓመት ያየሁት ቁራጭ ብረት ነው። ግን ብርሃንም ይገባበት ነበር።

ኅዳር 25

አይዝጌ ብረት፣ የማይዝገው። ይሄኛውን ማግኔት አይስበውም፤ ሞክሬዋለሁ። እንግዲህ ምክንያት አይኖራትም ብዬ ነበር። ቀለበቱ ሰፋ። ግማሽ ሚሊ። ከጣቷ ወልቆ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንከባለለ።

«እጄ ሳተ» አልኩ። እሷ ጎንበስ ብላ አነሣችውና ለአባቷ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ኪሳቸው ከተቱት።

እጄ ሳተ? …እዚህ ላይ እንኳ ልዋሽ? አልሳተም። የቶርኖው ቢላ ግማሽ ሚሊ ሲገባ እያየሁት ነበር። ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

ታኅሣሥ 2

ግንቡ ጉልበት ደርሷል።

ታኅሣሥ 9

በያጁ ዛሬ ሻይ ላይ አፈጠጠብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ደስ ብሎሃል?»

«ለምን አይለኝም?»

«ዝምታ ለበግም አልበጃት» አለኝ። «አባትህ ጓደኛዬ ነበር። ተናገር።»

ምን ብዬ? ጋሼን «ሃያ ዓመት ስላሳደጉኝ አመሰግናለሁ፤ ልጅዎን ግን አልፈልግም» ልበል? ልጅቷስ ምን ትላለች? ባለጌ ነው የምባለው። እኔም ባለጌ ነኝ እላለሁ። ሌላ ሴት ኖራኝ ቢሆን እንኳ ምክንያት ነበረኝ። የለችም። ማግኔት ክፉ አይደለችም፣ ቆንጆ ናት፣ ታስቀኛለች። ብቻ… ወደ ክፍሌ ስትገባ እንደ ሚስት ላስባት ስሞክር፣ ሒሳብ ስሳሳት በማስመሪያ ጆሮዬን የምትመታኝ ልጅ ትመጣብኛለች።

ታኅሣሥ 21

ማግኔት አዲስ ብረት አመጣች። ታይታኒየም። አውራ ጣቴን የሚያህል ድቡልቡል ዘንግ፣ ግራጫ፣ ሲያነሡት የሚቀል። ሰው ሠራሽ የዳሌ አጥንት የሚሠሩበት ነው አለች። ዕቃ አቅራቢው ለማሳያ አምጥቶት ሆስፒታሉ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ነው።

«ይሄ ከባድ ነው አይደል? በቀላሉ አይሠራም አሉኝ» አለችኝ። ዓይኗ ተስፋ የሚያደርግ ዓይነት ነበር። «ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?»

«አላውቅም። ሠርቼው አላውቅም።»

«አትቸኩል» አለች። «በእውነት፣ አትቸኩል።»

ታኅሣሥ 28

እሳት ተነሣ!

ቢላው አልቆርጥ ሲለኝ ፍጥነት ጨመርኩ። ፍቅፋቂው ከሥር እንደ ፀጉር ተከምሯል። ድንገት ነጭ ብርሃን… ብየዳ መሰለኝ። ያ ሁሉ ፍቅፋቂ እየነደደ ነው። በያጁ ባልዲ ይዞ ሲሮጥ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ምንም በደንብ አያዩም፤ ያን ብርሃን ግን አዩት።

«ውኃ እንዳትደፉበት፣ ያብሰዋል! አሸዋ! አሸዋ!»

የግንበኛውን አሸዋ በአካፋ እያመጣን ደፋንበት። ጠፋ። ግራ እጄ ላይ ሁለት ቦታ ተቃጠልኩ፤ ቀላል ነው። ጋሼ እጄን በእጃቸው ይዘው ጣቶቼን ቆጠሩ። አምስት። እንደገና ቆጠሩ። «ልጄ» አሉኝ። 

እንዲህ ባይሉኝ ይሻል ነበር። እንዲህ ሲሉኝ አፌ ይተሳሰራል።

ጥር 6

ምን እንደሆነ አላውቅም። ከእሳቱ በኋላ ብረቱ እልህ አስያዘኝ። ፍጥነት ቀነስኩ፣ ቢላ ሳልኩ፣ በደንብ አቀዘቀዝኩ። ቀስ በቀስ ይታዘዘኝ ጀመር። ለካ በትዕግሥት ሲይዙት እንደ ሐር ነው። ሦስት ቀን ምሳ እንኳ ረሳሁ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ በጨርቅ ወለወልኩት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አነሣሁት…

ቆንጆ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራሁም። ልኩም ልክ ነው።

ያኔ ነው የነቃሁት። ምን ማድረጌ ነው? ለማበላሸት ተቀምጬ ጨረስኩት! እጄ ከዳኝ።

ጋሼ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው አዞሩት። «እንዲህ ነው!» አሉ። ማግኔት ስታየው ፊቷ ተለወጠ። አደረገችው። ልክ። ትንሽ ማግኔቷን አላወጣችም።

ቀን ተቆረጠ። ሚያዝያ 22።

ጥር 9

የኔንም ሠራሁ፤ ከዚያው ዘንግ። ጋሼ ትናንት «ያንተንስ? ልካው እንጂ!» ሲሉኝ አጥልቄ አሳየኋቸው። ጠበብ ብሎ ነበር፤ ገፋሁት። አልወልቅ አለ።

ዛሬ ጣቴ አብጧል። ሳሙና፣ ዘይት፣ ቀዝቃዛ ውኃ… ወይ ፍንክች! መጋዝ ሞከርን፣ ቆዳዬን ነካ እንጂ ቀለበቱን አልነካውም። በያጁ ጣቴን አገላብጦ አየና «ጣቱን መቁረጥ ይቀላል» አለ። ዛሬ እንኳ አልሳቀም። ጫፉ ወደ ሰማያዊ እየሄደ ነበር።

ማግኔት ከሥራ ስትመጣ አየችኝ። ክር አምጡ አለች። ክፍሌ ገብተን አልጋው ላይ ተቀመጥን፤ በሩን ክፍት ተወችው። የክሩን ጫፍ በመርፌ በቀለበቱ ሥር አሾለከች። የቀረውን ከቀለበቱ በላይ እስከ መገጣጠሚያው አጥብቃ ጠመጠመችው። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«ሆስፒታል በቀን አንድ አይጠፋም» አለች። «ቀለበታቸው አልወልቅ ያላቸው። እጅህን ወደ ላይ።»

ከሥር ያለውን ጫፍ ይዛ ክሩን ትፈታ ጀመር። ቀለበቱ በየዙሩ እንደ ብሎን ወደ ላይ ተሳበ። ዓይኗ ጣቴ ላይ ነው። ቀና ሳትል፣

«ወርቅ ያልፈለግሁት ለምን መሰለህ?» አለች።

«እኔ የሠራሁትን ስለፈለግሽ…»

«ወርቅ በአንድ ቀን ይገዛ ነበር።»

 ክሩ አንድ ዙር ተፈታ።

«ብረት ስቀያይርብህ አልገባህም? ያን የማይቻል ነው የተባለውን ብረት ስንት ሰው ለምኜ እንዳመጣሁት… አንተ ደግሞ ሦስት ቀን ተቀምጠህ ውብ አድርገህ ሠራኸው!» እንባዋ መጣ። ትስቅም ነበር።

«አይዝጌውን ሆነ ብዬ ነው ያሰፋሁት» አልኳት።

እጇ ቆመ። አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የተያየን መሰለኝ።

«እኔ ደግሞ አንተ የወደድከኝ መስሎኝ… እንዳላዋርድህ ብዬ…»

«እኔም አንቺ የወደድሽኝ መስሎኝ።»

ቀለበቱ ዘለለና ፍራሹ ላይ ወደቀ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ብሎኛል። ግን ትንሽ… እንዴት ልበለው? አልፈለገችኝም ማለት ነው። እኔም አልፈለግኋትም። ታዲያ ምን ያሳምመኛል? የሰው ልብ ጅል ነው።

ጥር 10

እሑድ አብረን ልንነግራቸው ተስማማን። እሷ ትጀምራለች፣ እኔ እጨርሳለሁ።

ጥር 13

ቅዳሜ። ጋሼ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ጠሩኝ። ከኪሳቸው ያን አይዝጌ ቀለበት አወጡ። አንድ ወር ተኩል ይዘውት ከርመዋል!

«ግማሽ ሚሊ» አሉ። በአውራ ጣታቸው እያዞሩ። «አንተን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። የተሳሳተ እጅ ዳር ላይ ይንቀጠቀጣል። ይሄ እንደ መስተዋት ነው። አስበህ ነው ያሰፋኸው።»

ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጅቷም እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ዕውር እየሆንኩ ነው እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ጋሼ…»

«ስማኝ። ፍቅር አልጠየቅኋችሁም። ትለምዳላችሁ። እኔና እትዬህ ስንጋባ አንተዋወቅም ነበር። ለመድን። ዓይኔ ሳይጠፋ ልያችሁ። ከዚህ በላይ ምን ጠየቅሁህ? በሃያ ዓመት ምን ጠየቅሁህ?»

ምንም። እውነት ነው፣ ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም።

እንደማንፈልግ አያውቁም፣ ሲያውቁ ይተዉታል ብዬ ነበር እኔ። ለካ እያወቁ ነው። አሁን ምን ቀረኝ?

ጥር 14

አልተናገርንም። እሷ አየችኝ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

ጥር 20

ግንቡ መስኮቱን አለፈ። በቀትር መብራት አብርቼ ነው ይህን የምጽፈው። ግንበኛው ከውጭ ሲያፏጭ ይሰማኛል። አንድ ጡብ፣ ሲሚንቶ፣ አንድ ጡብ። ልጮህበት አሰብኩ። ምን አጠፋ እሱ?

ጥር 29

ጋሼ ለደንበኞች ሁሉ «አማቼ ነው» እያሉ ያስተዋውቁኛል። የወርክሾፑን ቁልፍ ሰጡኝ። ከባድ ነው፤ ኪሴን ይጎትታል። ሰው ቁልፍ ተሰጥቶት ይታሰራል?

የካቲት 3

ማግኔት የአንድ ዓመት ሥልጠና አገኘች። ሌላ ከተማ፣ ትልቅ ሆስፒታል። ከአሥራ ሁለት አመልካች ሁለት ነው የተወሰደው። መልስ እስከ ዓርብ። ደብዳቤውን ያሳየችኝ የመጋዘኑ ጥግ ነው፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛው።

«አንተ ባትናገርም እኔ እናገራለሁ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። «ብቻ ያኔ ዝም ብለህ ሳህንህን አትይ።»

የካቲት 5

ምሳ ላይ ተናገረች። እንዳለ ልጻፈው።

«አባዬ፣ ሥልጠና አግኝቻለሁ። እሄዳለሁ። አላገባም።»

ጋሼ ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ «ተጋብታችሁ ትሄጃለሽ። እሱ ይጠብቅሻል» አሉ።

 ሁሉም ወደ እኔ። ሳህኔ ላይ ዳቦ ነበር፤ ላየው ፈለግሁ። አላየሁትም።

«ጋሼ፣ እኔም አልፈልግም።»

ይኸው ነው። ሦስት ቃል። ስንት ወር ፈጀብኝ!

ማንኪያው ወደቀ። «ያሳደግሁህ አንተን ነው? ከዚች ገበታ ያበላሁህ?»

«ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። እስከምሞት አልረሳውም። ልጅዎን አግብቼ ግን ልከፍልዎ አልችልም። እሷ ዕቃ አይደለችም… እኔም አይደለሁም።» ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ትለምዳላችሁ አልኩ! እኛ አልለመድንም? ንገሪያቸው እስቲ አንቺ! ሠላሳ አራት ዓመት! አልለመድንም?»

እትዬ ጭልፋ ይዘው ቆመው ነበር። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሱት። እጃቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ፣ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት።

«ማነው የለመደው?» አሉ። «እኔ አልለመድኩም። ዝም ነው ያልኩት።»

 ጋሼ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ፤ ሊያዩዋቸው ሞከሩ። ዓይናቸውን አጠበቡ። ያን ጊዜ ለጋሼ እንዲህ አዘንኩ… አጠገባቸው ሄጄ ልቀመጥ ፈልጌ ነበር። አልሄድኩም።

እትዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሻንጣው ከቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ዚፑ ይይዛል፤ ሳሙና ቀቢው።»

የካቲት 6

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረውታል። ሥራ ሳሳያቸው አይዳስሱም።

የካቲት 15

አሁንም። «እንደምን አደሩ» እላለሁ። ግድግዳው ይመልስልኝ ይሆን?

የካቲት 19

ወጣሁ። ሂድ ያለኝ የለም። ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ድምፁን ሰሙ፤ አልዞሩም። በያጁ ዕቃዬን በጋሪ ረዳኝ። ሁለት ካርቶንና ፍራሽ። ሃያ ዓመት ይኸው ነው ለካ።

የካቲት 27

ማግኔትን አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ያ ታይታኒየም ቀለበት ቀኝ እጇ ላይ ነበር። አፍጥጬ ሳየው ሳቀች። «ብረቱ ምን አደረገ? ደግሞ አይሳብም፤ ሥራ ይዤው እገባለሁ።»

አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት «ቻው ወንድሜ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላፈርኩም።

ሰኔ 11

ጠዋት ጠዋት ፋብሪካ እገባለሁ፤ የጥገና ክፍል ነው የቀጠሩኝ፤ ሦስት ወር ተኩል ሆነኝ። አለቃዬ አስቸጋሪ ነው፤ ግን ሥራ ስንጨርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኔም ወደ ቤቴ። የተከራየሁት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ይጮሃል። የመኪና ድምፅ አያስተኛም። በዚያ ላይ ጎረቤቴ ከበሮ ይማራል። አልተቸገርኩም አልልም። ብዙ ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ እግሬ ሳላስበው ወደ ጋሼ ቤት ሊዞር ይነሣል።

ከበያጁ ነው ወሬ የምሰማው። እትዬ እህታቸው ቤት አንድ ወር ሰንብተው ተመልሰዋል። አሁን ምሳቸውን ከሁሉም ቀድመው ይበላሉ አለኝ፤ ጋሼ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አዲሱ ክፍል መጋዘን ሆኗል።

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የወርክሾፑ ቁጥር። በያጁ መስሎኝ «አቤት ሽማግሌው!» ብዬ አነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

ቁጭ ብዬ ነበር፤ ተነሣሁ። ሰላምታ ጠፋብኝ። እሳቸውም ጠፋባቸው መሰለኝ፤ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል።

«አንድ ዘንግ ነበረ» አሉ በመጨረሻ። «የወፍጮ። አዲሱ ልጅ ሁለት ጊዜ አበላሸው። ነገ ጠዋት…» ሊያዙኝ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ፤ ያ የማውቀው ድምፅ መጥቶ ነበር። ከዚያ ቆሙ። «ነገ ይመችሃል?»

ሃያ ዓመት ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ጠዋት አልችልም፣ ጋሼ። ሥራ አለኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሆነ እመጣለሁ።»

 ላለመለማመጥ፣ «ግድ የለም ጠዋት እመጣለሁ» ላለማለት ከንፈሬን ነከስኩ። በዚያኛው ጫፍ ቶርኖው ሲዞር ይሰማኛል። ቢላው በደንብ አልተሳለም፤ ከድምፁ ያስታውቃል።

«ዘጠኝ ሰዓት ይሁን» አሉ።